እናቴ የምትቀመጥበት አደባባይ

ፒያሳ ላይ አደባባይና ክፍት ቦታ ለምትነድፉ ባለሙያዎች፣ ንድፉን ለምታጸድቁ ኃላፊዎችም፦

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ አርክቴክት አይደለሁም። ፒያሳ ተወልጄ፣ ፒያሳ አድጌ፣ አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምኖር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ የእናቴ ጉልበት ነው። ቀልዴን አይደለም።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ እናቴን ይዣት ወጣሁ። «ፒያሳ አምሮበታል ይላሉ፣ እስቲ ውሰደኝና ልየው» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ሁለት ታክሲ ቀያይረን ደረስን። ጊዮርጊስን ተሳለመች። ከዚያ ሰፊውን የእግረኛ መንገድ ይዘን ቀስ እያልን ወረድን። ወደደችው። እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጄዋለሁ። ድሮ በዚያ ስንሄድ አንድ እግራችን አስፋልት ላይ፣ አንዱ ቦይ አፋፍ ላይ ነበር። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አሁን ክንዷን ይዤ ጎን ለጎን ሄድን።

ቆይተን አዲስ ከተሠሩት ክፍት ቦታዎች አንዱ ጋ ደረስን። የትኛው እንደሆነ አልጠቅስም፤ ጥበቃውን ልጅ ጣጣ ውስጥ መክተት አልፈልግም። ቦታው ንጹሕ ነው። ፏፏቴ አለው። አበባ አለው። ወለሉ ፊት ያሳያል። ሰዓቱ ሰባት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እናቴ ቆም ብላ ዙሪያውን ቃኘችና «አረፍ ልበል» አለች።

የት? ሦስት የድንጋይ አግዳሚዎች አሉ። ሦስቱም ፀሐይ ላይ። አንዱን በመዳፌ ነካሁት፤ ምጣድ ነው። መደገፊያም የለውም። እናቴ ነጠላዋን አጠፍ አድርጋ የአበባው መደብ ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ቀጭን ጥላ ያረፈችበት ቦታ ፈልጋ ቁጭ አለች። ገና በወጉ ሳትደላደል ፊሽካ ተነፋ።

«ማዘር! እዚያ መቀመጥ አይቻልም!»

ጥበቃው ልጅ እግር ነው። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው። እናቴ አልተቆጣችም። «እሺ ልጄ፣ የት ነው የሚቀመጠው ታዲያ?» አለችው። ልጁ አግዳሚዎቹን አየ። ፀሐዩን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማዘር፣ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነው» አላት።

ይቺ መልስ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ጎብኚውም ጠባቂውም የሚቀመጡበት የሌለው ቦታ ለማን ተሠራ? ማታ ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ነገሬ አንድ ነው። ፒያሳ ላይ ቀጥሎ የምትሠሩት አደባባይ አንዲት አሮጊት ሴት ምንም ሳትገዛ፣ ማንም ሳያባርራት፣ አንድ ሰዓት ተቀምጣ የምትውልበት ይሁን። ሌላው ሁሉ ከዚያ ቀጥሎ ይምጣ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ትንሽ ላውራ። አደባባይ ስንል አሁን ምን እንደሚታየን አስተውላችኋል? መኪና የሚዞርበት ክብ። የታክሲ ረዳት «አደባባዩ ላይ ወራጅ!» ሲባል የሚያቆመው እዚያ ነው። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ «አደባባይ ውስጥ ቅድሚያ ለማን?» ተብለን ተጠይቀናል። አያቶቻችን ግን «አደባባይ ዋለ» ሲሉ ዳኝነት ፊት ቆመ፣ ሰው መሀል ሆኖ ተናገረ፣ ተሟገተ ማለታቸው ነበር። የአደባባይ ሰው የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። አሁን አደባባያችን መሀል ላይ ያለው ሐውልት ነው፤ ዙሪያውን መኪና ይሽከረከራል፤ ሰው ዳር ቆሞ ያያል። ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ለጨፈጨፋቸው ሰዎች የቆመ ነው። በዓመት አንዴ የአበባ ጉንጉን ይቀመጥለታል። በቀረው ጊዜ ስንቶቻችን ነን ስሩ ቆመን የተቀረጸውን ያየነው? መንገዱን ለመሻገር ነፍስን መሸጥ ነው። አራት ኪሎም ያው ነው። የሚያዝያ 27ን ሐውልት ሁላችንም በታክሲ መስኮት ነው የምናውቀው።

ፒያሳ ደግሞ የባሰ ነገር አለባት። ስሟ ራሱ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩበት ጊዜ የተውልን ስም ነው። እንግዲህ ሰፈራችንን ለዘመናት በባዕድ ቋንቋ «አደባባይ» ብለን ስንጠራ ኖርን፣ አረፍ የምንልበት አደባባይ ግን አልነበረንም።

ከዚያ በፊት ግን ነበረን። አራዳ ይባል ነበር። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ ማለቴ ነው። ሰው እዚያ የሚመጣው እህልና ጨው ለመግዛት ብቻ አልነበረም። አዋጅ የሚሰማው እዚያ ነው። ወሬ የሚቃረመው እዚያ ነው። የጠፋ ዘመድ የሚጠየቀው እዚያ ነው። ጣሊያን መጥቶ ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፋው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። የሚገርመው ግን ገበያው ቢሄድም ቃሉ እኛ ጋ ቀረ። የነቃ፣ ነገር የገባው፣ በቀላሉ የማይሸወድ ሰው «አራዳ» ይባላል። አንድ ክፍት ቦታ ለአንድ ጠባይ ስም ሰጠ። ሰው መሀል መዋል ሰውን ያነቃል ማለት ነው። እስቲ አሁን የምንሠራቸው ቦታዎች ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ሰው ስም ይሆኑ ይሆን? (ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው፣ ብዬ ልቀልድ ነበር። ተውኩት።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኛ የፒያሳ ልጆች አደባባይ ባይኖረንም መገናኛ አላጣንም። «ማህሙድ ጋ ጠብቀኝ» ይባል ነበር። ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ማለት ነው። ሱቅ ነበር እንጂ አደባባይ አልነበረም፤ ግን ግድግዳ ነበረ፣ ሙዚቃ ነበረ፣ የሚያልፍ ሰው ነበረ። የቆመ ሰው ያረፈደበትን ሰው ሲጠብቅ አይደብረውም ነበር። ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይም እንዲሁ። ኬክ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ማኪያቶ በቁም ይጠጣ ነበር። ጋዜጣ አከራዮች የደረደሩበት ግድግዳ ስር ደግሞ የሥራ ማስታወቂያ የሚያነቡ ወጣቶች ተደርድረው ይውሉ ነበር። ሊስትሮው አጠገብ አንድ በርጩማ ነበረች፤ ጫማው ያልቆሸሸም ሰው ይቀመጥባት ነበር።

እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸውን ነገር ልንገራችሁ። ሁሉም ጥግ ናቸው። አንዱም መሀል አይደለም። የእኛ አገር ሰው ሲቀመጥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ነው። ከኋላው ማን እንደመጣ ሳያውቅ ባዶ ሜዳ መሀል አግዳሚ ላይ የሚደላደል ሰው የለም። እናንተ ግን ንድፉን ከላይ፣ ከወፍ ዓይን ስለምታዩት መሀሉ ያጓጓችኋል። መሀሉ ላይ ፏፏቴ፣ መሀሉ ላይ ክብ፣ መሀሉ ላይ ኮከብ። እባካችሁ ገንዘቡን ጠርዙ ላይ አውጡት። መሀሉ ባዶ ቢቀር ግድ የለም፤ ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል።

መቀመጫውን በተመለከተ እንደ አናጢ ልዘርዝር። ቁመቱ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ዝቅ ያለ ከሆነ የእናቴ ጉልበት ያወርዳታል እንጂ አያነሣትም። መደገፊያ ይኑረው። ቢያንስ አንዳንዱ የክንድ ማሳረፊያ ይኑረው፤ አሮጊት ሰው የሚነሣው በእጁ ተመርኩዞ ነው። ድንጋይ ብቻውን አይሁን፤ ላዩ ላይ እንጨት ይመታበት። ድንጋይ በጥር ጠዋት በረዶ ነው፣ በመጋቢት ቀትር ምጣድ ነው። የመቀመጫ መሀል ላይ ሰው እንዳይተኛ ተብሎ የሚተከለውን ብረት ደግሞ ባላየው ደስ ይለኛል። ቤት የሌለው ሰው ብረት ስለተተከለ ቤት አያገኝም፤ እናቴ ግን ፌስታሏን የምታስቀምጥበት ታጣለች።

የሚንቀሳቀስ ወንበርም አስቡበት። ኒውዮርክ ውስጥ ዊልያም ዋይት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አደባባዮች ላይ ካሜራ ጠምዶ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ያጠና ነበር። ካያቸው ነገሮች አንዱ ሰው ወንበር ሲያገኝ ከመቀመጡ በፊት ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ሳብ ማድረጉ ነው። ለምንም ባይጠቅም እንኳን ያንቀሳቅሰዋል፤ ቦታው የራሱ እንዲመስለው። እኔ ሳነበው ሳቄ መጣ። ጀበና ቡና የሚሸጡ ሴቶች ይህን ያለ ካሜራ ያውቁታል። ለዚህ አይደል ዱካ፣ ትንሿን በርጩማ፣ የሚይዙት? ጠዋት ዱካዎቹ ፀሐይ ላይ ናቸው። አምስት ሰዓት ላይ ግማሹ ወደ ጥላው ሸሽቷል። ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ግድግዳው ስር ገብተዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብርድ ብርድ ሲል እንደገና ወደ ፀሐይ ይወጣሉ። በአዲስ አበባ የተሳካ የአደባባይ ዲዛይን ማየት ከፈለጋችሁ አንዲት ቡና ሻጭ ፊት ለፊት አንድ ቀን ሙሉ ዋሉ። ሲኒ ቡና እየጠጣችሁ፣ ዱካው በሰዓቱ የት እንዳለ ካርታ ላይ ነጥብ አድርጉ። «ይሰረቃል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ለዚያ ነው ባለቤት የሚያስፈልገው። የቡናዋ ሴትዮ ዱካዋን አታስሰርቅም።

ዱካው የሚሰደደው በአየራችን ምክንያት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ ያቃጥላል፣ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ይበርዳል። ስለዚህ ጥላም ፀሐይም ጎን ለጎን፣ ሦስት እርምጃ ልዩነት ውስጥ ያስፈልጉናል። ይህን የሚሰጠን ዛፍ ነው። ግን ዛፍ ሲባል የትኛው?

ዘንባባ ለሆሣዕና ጥሩ ነው። ለጥላ አይሆንም። አንድ ዘንባባ ስር አራት ሰው ቢቆም የሁሉም አፍንጫ ፀሐይ ላይ ነው። ፎቶ ላይ ግን ያምራል፤ አድጎ የደረሰው ስለሚተከል ምርቃት ዕለት ሙሉ ሆኖ ይታያል። ይገባኛል፣ ሥራው ቶሎ መታየት አለበት። ግን ዋንዛ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጃካራንዳ ለምን አይተከሉም? በልጅነቴ በመጋቢትና በሚያዝያ የጃካራንዳ አበባ የእግረኛ መንገዱን ሐምራዊ ሲያደርገው ትዝ ይለኛል። ጎንደር ያለውን የጃን ተከል ዋርካ ያየ ሰው አንድ ዛፍ ብቻውን አደባባይ መሆን እንደሚችል ያውቃል። ስሩ ቡና ይጠጣል፣ ሰው ይቀጠራል፣ ነገር ይወራል። ማንም አልነደፈውም፤ ዛፉን ያልቆረጠው ሰው ነው የሠራው።

እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ላንሣ፤ ባለሙያ ባልሆንም ወንድሜ ኮንስትራክሽን ላይ ስለሚሠራ ጆሮዬ ይሰማል። ከአደባባዩ ስር የመኪና ማቆሚያ ከቆፈራችሁ ዛፉ ሥር የሚሰድበት አፈር አይኖረውም። ኮንክሪት ላይ በሣጥን የተተከለ ዛፍ ዕድሜ ልኩን ችግኝ ነው። መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ሲታደስ ከስሩ ፓርኪንግ ተሠራለት፤ ላዩ ሜዳ ሆነ። ለመስቀል አደባባይ ችግር የለውም፤ ደመራ የሚደመርበት፣ ሩጫ የሚጀመርበት፣ ሕዝብ የሚተምበት ነው፤ ሜዳ መሆን አለበት። ፒያሳ ግን የየዕለት ቦታ ነው። ደመራ የለንም፤ ማክሰኞ ከሰዓት ነው ያለን። ስለዚህ ፓርኪንጉ የግድ ከሆነ ወደ አንድ ጎን ይሁን። ሌላው ጎን ላይ እናት አፈር ይቅርልን።

ዛፉ እስኪያድግ ደግሞ በረንዳ ስጡን። ዝናቡስ? ከሰኔ እስከ መስከረም ይህ ከተማ በድንገት ይዘንባል፤ ሰው ይበተናል። የድሮ ፒያሳ ሰው ዝናብ ሲመጣ የት ይጠለል ነበር? በረንዳ ስር። የድሮዎቹ የፒያሳ ቤቶች በረንዳ ያውቁበት ነበር። ጣይቱ ሆቴልን አስታውሱ፤ በ2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት እንኳን ያ በረንዳ ነው ሰው አእምሮ ውስጥ ያለው። እኔ ከባለቤቴ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራነው ሐምሌ ላይ አንድ ሱቅ በረንዳ ስር ተጠግተን ነው። ሃያ ደቂቃ ዘነበ። በቆሎ ጥብስ የምትሸጥ ልጅ አብራን ተጠልላ ነበር፤ ከሰሏን በካርቶን ታራግባለች፤ ጢሱ ዓይናችንን ያስለቅሰናል። እዚያ ቦታ ላይ በረንዳ ባይኖር ኖሮ ሁለታችንም እየሮጥን ታክሲ እንይዝ ነበር፣ በየፊናችን። ይህን ለማግባባት ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው የምጽፈው። ከአደባባዩ አንድ ጎን ረጅም ጣሪያ ይኑር። ጌጥ ያለው አይደለም። ዝናብ የማያስገባ።

ወለሉን ሳልረሳ። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክና የተወለወለ ግራናይት አታንጥፉ። ሐምሌ ላይ ሳሙና ነው። እንደምታዩት ፒያሳ ተዳፋት ነች። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ ሰው ወገቡን ይይዛል። ሻካራ ድንጋይ ይሁን። ለዊልቸር የሚሆነው መወጣጫም ለሪፖርት ያህል የተሠራ አይሁን፤ አንድ ሜትር ለመውጣት ቢያንስ 12 ሜትር መሄድ አለበት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ የሚገፋው ሰው ያልበዋል፣ የተቀመጠው ሰው ይሳቀቃል። ተዳፋቱ ግን ሸክም ብቻ አይደለም። በደረጃ ከተሠራ መቀመጫ ነው። መስቀል አደባባይ ላይ ስንት ዓመት ሙሉ ሯጩ በደረጃዎቹ ሲመላለስ፣ ፍቅረኛሞች ደግሞ ከላይ ተቀምጠው ሲያዩት የኖረው ለዚህ አይደል?

ቀጥሎ ያለው ነገር የሚያስቆጣችሁ ከሆነ ይቅርታ። ሻጮቹን መልሱልን። ሊስትሮውን፣ የቆሎዋን ልጅ፣ የቡናዋን ሴትዮ፣ ሱቅ በደረቴውን። አሁን «መጡ!» ሲባል ላስቲካቸውን ጠቅልለው ይሮጣሉ። እግረኛው መንገድ በዕቃ ተዘግቶ እንደነበር አልክድም፤ እኔም በሽንኩርት ክምር ላይ ዘልዬ አልፌ አውቃለሁ። ግን መፍትሔው ማባረር ሳይሆን ቦታ መስጠት ነው። በአደባባዩ ጠርዝ ላይ የውኃ ቧንቧ፣ ከሰል የማያቃጥለው ወለል፣ ማታ ዕቃ የሚቆለፍበት ሣጥን ይሠራ። ቦታው በቁጥር ይሰጣቸው። ጽዳቱን እነሱ ይያዙ። ጥበቃ በፊሽካ የማይጠብቀውን ቦታ ቡና ሻጭ በዓይኗ ትጠብቀዋለች። ማን አዲስ እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደጠፋ፣ የትኛው ጎረምሳ ሞባይል ላይ ዓይኑን እንደጣለ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።

ሽንት ቤት። ረጅም አልጽፍም። ይኑር፣ ክፍት ይሁን፣ ውኃ ይኑረው፣ የሚያጸዳ ሰው ደመወዝ ይከፈለው። እናቴ ከቤት ስትወጣ ውኃ አትጠጣም። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው። የሷ ዕድሜ እኩዮች ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ጠይቋቸው።

መብራቱ ጥሩ ነው፤ አመሰግናለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ማታ ከልጆቻቸው ጋር የሚንሸራሸሩ ቤተሰቦች በዝተዋል። ድሮ ከሁለት ሰዓት በኋላ በዚያ የሚሄደው ወይ የቸኮለ ወይ የሰከረ ሰው ነበር።

ሐውልት ላይ ግን ቆጠብ በሉ። ፒያሳ ሐውልት አላጣችም። ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ አሉ። በ1923 ዓ.ም. ቆመው፣ ጣሊያን አንሥቷቸው፣ ከነፃነት በኋላ ነው የተመለሱት። አቡነ ጴጥሮስ ለባቡር መንገድ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ተነሥተው፣ ዓመታት ቆይተው ቦታቸውን አገኙ። ሐውልቶቻችን ራሳቸው ተፈናቅለው ያውቃሉ ማለት ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ መታሰቢያም እዚያው ነው። ለትላልቆቹ ሰዎች በቂ ቦታ ሰጥተናል። የሚቀጥለው አደባባይ መሀሉ ላይ ማንም ባይቆም ቅር አይለኝም።

ነገር ግን አንድ መታሰቢያ እለምናለሁ፤ ቁመት የሌለው። ያ ክፍት ቦታ የተሠራው የድሮ ሰፈራችን በነበረበት ላይ ነው። እናቴ ያን ዕለት ከተነሣች በኋላ በጫማዋ ጫፍ ወለሉን ነካ ነካ እያደረገች «እዚህ ጋ የእነ ጎረቤታችን ግቢ ነበር፤ እዚህ ቧንቧው፤ ወጥ ቤቴ ደግሞ ያ አምፖል ያለበት አካባቢ መሰለኝ» አለችኝ። እርግጠኛ አልነበረችም። ምልክት የሚሆናት ነገር አጥታለች። ሠራተኛ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ የሚሉት ስሞች ከታክሲ ጥሪ ላይ ከጠፉ የኔ ልጅ ከየት እንደመጣን አያውቅም። ስለዚህ ወለሉ ላይ፣ በድንጋዩ ላይ፣ የሰፈሮቹን ስም ጻፉት። የድሮውን ቀጭን መንገድ መስመር በተለየ ቀለም ድንጋይ አስምሩት። ልጆች እየዘለሉበት ያነቡታል። ወጪው ከአንዱ ፏፏቴ አይበልጥም።

ስለ ንድፉ አቀራረብም ትንሽ። የምታሳዩንን የስሪዲ ቪዲዮ እናያለን። ያምራል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እዚያ ውስጥ የሚሄዱት ሰዎች እነማን ናቸው? አንዱ ረጅም ካፖርት ለብሷል። አንዷ ወርቃማ ጸጉር ያላት ፈረንጅ ውሻ ትስባለች። ፌስታል የያዘ ሰው የለም። ነጠላ የለበሰ የለም። ልጅ ያዘለች የለም። አንድም ሰው ጀሪካን አልያዘም። ዛፎቹ ሁሉ ሃያ ዓመት የሆናቸው ናቸው፤ ዝናብ አይዘንብም፤ ሰዓቱ ሁልጊዜ አመሻሽ ነው። የምትነድፉት ለእነሱ ከሆነ እነሱ ይምጡና ይቀመጡ። ለእኛ ከሆነ ግን ቪዲዮው ውስጥ ሐምሌን ክተቱበት። ሰባት ሰዓትን ክተቱበት። እናቴንም።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ሳይሠሩ መሞከር ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ሲለቀቅ አስታውሱ። ልጆች አስፋልት ላይ ሲንሸራተቱ፣ አዛውንቶች ስፖርት ሲሠሩ ዋሉ። ያኔ ማንም ድንጋይ አላነጠፈም። ፒያሳ ላይም እንዲያ አድርጉ። ንድፉን በኖራ መሬቱ ላይ አስምሩት። ለለቅሶ ቤት የሚከራየውን ድንኳንና ወንበር አምጡ። ሁለት መቶ ወንበር ብዙ አይደለም፤ አንድ ዕድር አለው። ሳትደረድሩ አንድ ጥግ ላይ ከምሩት። ሰዉ ራሱ ያንሣና የፈለገው ቦታ ይቀመጥ። አሥር ሰዓት ላይ ወንበሮቹ የት እንዳሉ ፎቶ አንሡ። ንድፉን ያን ፎቶ አይታችሁ አስተካክሉ። የተስተካከለውን ደግሞ በትልቅ ወረቀት፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፋችሁ እዚያው ፒያሳ ለጥፉት፤ ከስሩ እስክሪብቶ በክር ይንጠልጠል። ስድብ የሚጽፍ ይኖራል። ቁም ነገር የሚጽፍም አይጠፋም።

ጠዋት ይህን ደብዳቤ ለእናቴ አነበብኩላት። መነጽሯን አውልቃ ሰማች። በረንዳው ላይ ስደርስ «አግብታችሁ ልትኖሩ ያኔ ዘነበ» ብላ ሳቀች። ዛፉ ላይ «ወይራ ይጨመር» አለች፤ ጨምሬያለሁ። ስለ ጥበቃው ልጅም «ለሱም ወንበር ጻፍለት» አለችኝ። ይኸው፤ ለጥበቃውም ጥላ ያለው ወንበር ይሠራለት።

እሷ ግን እስኪሠራ የምትጠብቅ አይመስለኝም። ለመስቀል ሰሞን ልወስዳት ቃል ገብቻለሁ። ሰሞኑን ከአልጋዋ ስር ያለችውን ትንሽ በርጩማ አውጥታ አቧራዋን ስትጠርግ አየኋት። «ይህን አስቀድመህ ጠይቅልኝ» ስላለችኝ እጠይቃለሁ፦ በርጩማ ይዞ መግባት ይቻላል?

ከአክብሮት ጋር

አንድ የቀድሞ የፒያሳ ነዋሪ